የነፍሰ ጡሯ ድርሻ

ሰኔ 4፣ ማክሰኞ

ዛሬም ሐይቅ ላይ ዋልኩ። ወገቤ ተቆርጧል፣ ጫማዬ ውስጥ ውሃ አለ፣ አፍንጫዬ ከዓሳ ሽታ ሌላ ምንም የሚያውቅ አይመስለኝም። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ስለተነሳ የጭቃውን ናሙና ሳንጨርስ ተመለስን።

ከእያንዳንዱ ዓሳ ለምርመራ የምንፈልገው ከጀርባው ላይ አውራ ጣት የምታክል ሥጋ ብቻ ነው። እሷን ቆርጠን፣ ቁጥር ሰጥተን በረዶ ውስጥ እንከታታለን። የተረፈው እዚያው ዳር ላይ ይከፋፈላል፤ ለጀልባ ነጂው፣ ለላቦራቶሪ ቴክኒሻኗና ለእኔ። ጀልባ ነጂው "ሳይንስ ያልበላውን እኛ እንብላው" ይላል። እህቴ ካረገዘች ወዲህ ግን ትልቁ አምባዛ ያለ ክርክር የእኔ ሆኗል። "ይሄ የነፍሰ ጡሯ ድርሻ ነው፣ ማንም እንዳይነካው!" ብሎ ራሱ ሳጥኔ ውስጥ ይከተዋል። የልጅ ልጅ ያየ ሰው ነው፣ ለነፍሰ ጡር አንጀቱ አይችልም።

እህቴ ባለፈው ዓመት የስድስት ወር እርግዝና አጥታለች። ይህኛውን ሁላችንም በፍርሃት ነው የምንጠብቀው። ባሏ በከባድ መኪና አገር ለአገር ስለሚዞር ቤቷን የማየው እኔ ነኝ። ዓሳ ብዪ፣ ለጽንሱ ጭንቅላት ጥሩ ነው ያልኳትም እኔ።

ዛሬ ስደርስ ድንቢጥ በር ላይ ቆማ ትጠብቀኝ ነበር። የእህቴ ልጅ ናት፣ ሦስት ዓመቷ ነው፣ ስትወለድ ስላነሰችብኝ ይህን ስም ያወጣሁላት እኔ ነኝ። ከእኔ በፊት የሳመችው የበረዶ ሳጥኔን ነው። ዓሳውን ስጠብስ እህቴ ያለውን መስኮት ሁሉ ከፈተች፤ እርግዝና ያሞቃል መሰለኝ። አቅርቤላቸው እጄን ታጥቤ እስክመለስ ሳህኑ ባዶ ሆኗል።

"ጨረስሽው እንዴ?"

"ምን ላድርግ እታለም፣ ሁለት ነፍስ አይደለሁ!" ብላ ሳቀች። ድንቢጥ እስከ ጆሮዋ ድረስ ዘይት በዘይት ሆናለች።

ደስ ብሎኝ ወጣሁ። ሥራው እንደሆነ መቼም አያልቅም፤ እህቴን በመመገቡ ግን አልታማም።


ሰኔ 7፣ ዓርብ

የአምባዛዎቹ ውጤት ወጣ። ሜርኩሪ፣ ያ መርዛማ ብረት። ትልልቆቹ ላይ ከሚፈቀደው በላይ ነው፤ በትንሽ ቢሆን አንድ ነገር ነበር፣ እጥፍ ድርቡን ነው።

"ዶክተር፣ ያበደው ማሽኑ ነው ዓሳው?" አለች ቴክኒሻኗ።

"ዕቃው በደንብ ሳይታጠብ ቀርቶ ይሆናል።"

ዕቃውን ያጠበችው እሷ ናት። አኮረፈች። እውነቷን ነው፣ እንደሷ ዕቃ የሚያጥብ ሰው አላጋጠመኝም። ያም ሆኖ መዝገቡ ላይ "ይደገም" ብዬ ጻፍኩ።


ሰኔ 12፣ ረቡዕ

ብርጭቆውን ሁሉ አሲድ ውስጥ አሳድረን እንደገና ሠራን። ያው ነው።

በትንሽ ጠርሙስ የምናስቀምጠው የዓሳ ዱቄት አለ። ውስጡ ያለው የሜርኩሪ መጠን አስቀድሞ የታወቀ ስለሆነ ማሽኑ እውነት መናገሩን የምንፈትነው በእሱ ነው። ዛሬ ደጋግሜ ሰጠሁት። ደጋግሞ ልክ ልኩን ነገረኝ። ትንሽ እንኳ ቢሳሳት ምን ነበረበት?

ወንዙ ከሚመጣበት በኩል ወርቅ በሜርኩሪ የሚያነጥሩ ሰዎች አሉ ይባላል። እንደዚያ ከሆነ መንገዱ ግልጽ ነው። ከወንዝ ወደ ጭቃ፣ ከጭቃ ወደ ትል፣ ከትል ወደ ትንሽ ዓሳ፣ ከትንሽ ዓሳ ወደ አምባዛ። በየደረጃው እየጠነከረ ይሄዳል። ከአምባዛ ደግሞ...

ደክሞኛል። ልተኛ።

እህቴ ደውላ "ምነው ጠፋሽ?" አለችኝ። ሥራ በዛብኝ አልኳት።


ሰኔ 14፣ ዓርብ

ውጤቱን ለኃላፊያችን አሳየሁት። በሌለበት "ረጋ እንበል" ነው የምንለው፤ ጣሪያው ቢቃጠል እንኳ መጀመሪያ ረጋ እንበል ሳይል ውሃ የሚያቀርብ ሰው አይደለም። ወረቀቱን አገላበጠ። መነጽሩን አወለቀ። መልሶ አደረገ።

"ይሄ ከዚህ ክፍል ቢወጣ ምን እንደሚፈጠር ታውቂያለሽ? ከተማው ሁሉ የሚበላው ይሄንኑ ዓሳ ነው።"

"አውቃለሁ።"

"መቶ በመቶ እርግጠኛ ነሽ?"

መቶ በመቶ የሚባል ነገር በእኛ ሥራ የለም። ይህንኑ ነገርኩት።

"እንግዲያው ረጋ እንበል። ከሐይቁ ማዶ ናሙና አምጪና አወዳድሪ። ያን ጊዜ እናወራለን።"

እንደ ባለሙያ መከራከር ነበረብኝ። ተማሪዎቼ ቢያዩኝ ያፍሩብኝ ነበር። የገረመኝ ግን ከቢሮው ስወጣ ቀለል ብሎኝ ነበር። ማዶው ንጹሕ ሊሆን ይችላል። አለመቸኮል ጥሩ ነው። ሳይንስ የሚባለውም ይሄው ነው።

ኮሪደሩ ላይ ቴክኒሻኗ በስልክ ስታወራ ሰማኋት። "ኧረ ተይኝ፣ ትደጋግመዋለች! መልሱ ደስ እስኪላት ነው መሰለኝ የምንደግመው" ትላለች። ያልሰማሁ መስዬ አለፍኩ።


ሰኔ 18፣ ማክሰኞ

ሐይቅ። ማዶውን አዳረስን። ውሃው እርጎ መስሎ ተኝቶ ነበር፣ ጀልባ ነጂው እንኳ ወሬ አጥቶ ዝም አለ።

ዳር ወጥተን ክፍፍሉ ጋ ስንደርስ እንደልማዱ ትልቁን አምባዛ አንስቶ ወደ ሳጥኔ መጣ።

"ዛሬ ይቅር ጋሼ" አልኩት።

"ምን ማለት ነው ይቅር?"

"እህቴ ዓሳ ጠልታለች።"

"ነፍሰ ጡር ጠላሁ ስትል ታምኛታለሽ? ነገ ከእንቅልፏ ተነስታ አምጪ ትልሻለች!" ቀና ብሎ ትክ ብሎ አየኝ። "ሰው ምን አለሽ?"

"ማንም ምንም አላለኝም።"

አምባዛውን ለራሱ ያዘው። ለልጅ ልጆቹ ሊወስደው ነው። ያን ጊዜ አፌን መክፈት ነበረብኝ። ግን ያልተረጋገጠ ነገር ተናግሬ የሰው እንጀራ ብዘጋስ? ውጤት ይውጣ፣ ያን ጊዜ ለሁሉም አንድ ላይ እነግራለሁ። ቴክኒሻኗም ድርሻዋን ትታ ሄደች። መኪና ውስጥ ለምን ስላት "እኔ ያን ቁጥር ካየሁ ጀምሮ ለድመቷም አልሰጠሁ" አለችኝ።

ለእህቴ እንቁላልና ሥጋ ይዤላት ሄድኩ። ድንቢጥ ሳጥኑን ከፍታ እስከ ታች በረበረችው። "አክስቴ፣ ዓሳስ?" ብላ አለቀሰችብኝ። እህቴ ግን እንቁላሉን ስታይ ፊቷ በራ። "ይሄ ይሻላል፣ ዓሳውን አትድከሚበት" አለችኝ። እኔ ደግሞ ትከፋለች ብዬ ስንት ሰበብ መንገድ ላይ አዘጋጅቼ ነበር። አንዱም አላስፈለገም።

ዋናው ነገር ቆሟል። ከእንግዲህ ከእኔ እጅ አትበላም።


ሰኔ 26፣ ረቡዕ

ማዶውም ያው ነው። እንዲያውም አንዱ ላይ ብሷል።

"ይደገም?" አለች ቴክኒሻኗ፣ ዓይን ዓይኔን እያየች።

"ይደገም" አልኳት።


ሐምሌ 1፣ ሰኞ

ዝናብ። መብራት ሄዶ መጣ፣ ማሽኑን ሁለት ጊዜ ከመጀመሪያው አስነሳነው።

ሳነብ ዋልኩ። የማላውቀው ነገር አላገኘሁም፤ ስንቱን ዓመት ለተማሪዎች ያስተማርኩት ነው። ሜርኩሪ በእንግዴ ልጅ በኩል ወደ ጽንሱ ያልፋል። እያደገ ያለ አንጎል ላይ ይበረታል። መጥበስም መቀቀልም አያጠፋውም።

ብነግራት ትደነግጣለች። ሐኪሟ ድንጋጤ አይድረስባት ብላለች፣ እኔው ራሴ አብሬ ገብቼ ሰምቻለሁ። ደግሞስ ምን ብዬ ነው የምነግራት? ባለፈው ስታጣው እግሯ ሥር ቁጭ ብዬ "በሚቀጥለው እኔ አለሁልሽ" ያልኳት ሰው ነኝ። በየሳምንቱ በእጄ ይዤ፣ በእጄ ጠብሼ፣ ብዪ እንጂ እያልኩ።

አይሆንም። መጀመሪያ ምን ያህል እንደገባባት ማወቅ አለብኝ። ባዶ እጄን ሄጄ አላስደነግጣትም።


ሐምሌ 6፣ ቅዳሜ

ጸጉሯን ሠራሁላት።

ጸጉር በወር ውስጥ አንድ ሳንቲሜትር ገደማ ያድጋል። ሰው የበላው ሜርኩሪ እዚያ ውስጥ ይቀመጣል፣ ስለዚህ ከሥር ወደ ጫፍ እየቆራረጡ ሲለኩት የየወሩን ለየብቻ ይናገራል። እየጎነጎንኩ ከማጅራቷ በኩል ቀጭን ዘለላ ከሥሩ ቆረጥኩ። የሥሩን ጫፍ በክር አስሬ ወረቀት ላይ ስጠቀልለው በመስታወት አየችኝ።

"እታለም! ጸጉሬን ምን ልታደርጊው ነው? ልታስደግሚብኝ ነው እንዴ?"

"ለሥራ ነው፣ የበጎ ፈቃደኞች ጸጉር እየሰበሰብን ነው።"

"በጎ ፈቃዴን መች ጠየቅሽኝ?" ብላ በሳቅ ፈረሰች። ሆዷ አብሯት ይስቃል። ገፍቷል፣ መቀመጥና መነሳት እያቃታት ነው። እጄን ወስዳ ሆዷ ላይ አስቀመጠችው። ሲራገጥ ተሰማኝ። ጸጉሯ ውስጥ ፊቴን ደበቅኩ።

ድንቢጥ መጥታ ጭኔ ላይ ወጣች። ጉንጬን በሁለት እጇ ያዘችኝ፤ እጇ ዓሳ ዓሳ ይሸታል። የእኔ ሽታ ተጋብቶባት ይሆናል። ይሄ ሽታ መቼም በሳሙና አይለቅም።


ሐምሌ 10፣ ረቡዕ

ዝቅተኛ ነው!

ከሥር እስከ ጫፍ ዝቅተኛ። መጸዳጃ ቤት ገብቼ ቧንቧውን ከፍቼ አለቀስኩ።

ቴክኒሻኗ ወረቀቱን አይታ "ይቺ ሴትዮ ዓሳ የሚባል ነገር በአፏ አልዞረም" አለች። "የማን ነው?"

"የአንዲት በጎ ፈቃደኛ።"

የሚገርም ነው፣ ያን ሁሉ በልታ። ሰውነቷ ይሆናል፣ ሰው ከሰው ይለያያል። ለማንኛውም ዝቅተኛ ነው፣ እሱ ይበቃኛል። ከሰኔ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ መዝገቡ ላይ "ይደገም" ብዬ አልጻፍኩም።

ዛሬ እራቴን በላሁ። አንሶላዬን ቀየርኩ። ሪፖርቱንም መጻፍ እጀምራለሁ፣ አሁን ጭንቅላቴ ይሠራል።


ሐምሌ 12፣ ዓርብ

በእርጋታ ለመጻፍ እሞክራለሁ።

ከሥራ ወጥቼ ወደ እህቴ ቤት ስሄድ ጀልባ ነጂው ከግቢው ሲወጣ በር ላይ ተገናኘን። ሲያየኝ እንደ ሌባ ደነገጠ፣ ከዚያ ሳቀ።

"ተያዝኩ! አትቆጪኝ እንጂ ዶክተሬ" አለ። "ያን ቀን እህቴ ጠልታለች ስትዪኝ ገባኝ እኮ። አንዱ ምላሰ ረጅም የመንግሥት ዓሳ ትወስዳለች ብሎሽ ነው፣ አፍረሽ ነው። አንቺ ብታፍሪ ነፍሰ ጡሯ ምን አጠፋች? ስለዚህ በየሁለት ቀኑ እኔው ጣል እያደረግኩላት ነው። ደህናውን፣ ትልቁን ነው የማመጣላት።"

ምን ብዬ እንደተለየሁት አላስታውስም። ወደ ውስጥ ገባሁ። እህቴ ወጥ ቤት ውስጥ አፍንጫዋን በሻርፕ ሸፍና አምባዛ ትጠብሳለች። ድንቢጥ ሳህኗን ይዛ እግሯ ሥር ቆማለች።

"አንቺ እኮ ዝቅተኛ ነሽ" አልኳት። ከአፌ የወጣው ይኸው ነው።

"ምን?"

"ዓሳውን በልተሽዋል?"

መጀመሪያ ልትስቅ ፈለገች። ፊቴን ስታይ ተወችው።

"አትቆጪኝ። ከሁለተኛው የእርግዝና ወር ጀምሮ ሽታውን አልችለውም። ላስመልስ እደርሳለሁ። አንቺ ግን ደክመሽ፣ ረጥበሽ ይዘሽልኝ ስትመጪ አልበላም እንዴት ልበልሽ? ደግሞ ሳህኑ ባዶ ሆኖ ስታዪ እንዴት ደስ እንደሚልሽ። ያለቀውም በከንቱ አይደለም፣ ለድንቢጥ ነው የምሰጣት። ነፍሷ ነው፣ ሁሉንም እሷ ናት የምትበላው።"

ምድጃውን አጠፋሁት። ሳህኑን ከልጅቷ እጅ ስቀማት ጮኸች። ከዚያ ቁጭ ብዬ ሁሉንም ነገርኳት። ወርቁን፣ ጭቃውን፣ አምባዛውን፣ ጸጉሯን ለምን እንደቆረጥኩ። የሚያድግ አንጎል ላይ እንደሚበረታ ስነግራት ዞራ ድንቢጥን አየቻት። ድንቢጥ በኩርፊያ ግድግዳ ላይ ተለጥፋ ነበር።

አለቅሳለች ብዬ ነበር፣ ትጮህብኛለች ብዬ ነበር። ሁለቱንም አላደረገችም።

"መቼ ነው ያወቅሽው?" አለችኝ።

"ማረጋገጥ ነበረብን፤ አንድ ውጤት ብቻውን..."

"መቼ ነው ያወቅሽው?"

"ሰኔ መጀመሪያ።"

"ዛሬ ሐምሌ ነው" አለች።




ሐምሌ 13፣ ቅዳሜ

ጠዋት ወደ ሐይቁ ሄጄ ለጀልባ ነጂው ነገርኩት። መረቡን እየጠገነ ነበር። እጁን ሳያቆም ሰማኝ፣ መጨረሻው ላይ ቆመ።

"እኔ ቤትስ?" አለ። "ያን ቀን ለእኔ ስትተዪው ለልጆቹ እንደምወስደው አታውቂም ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

ቀና ብሎም አላየኝ። የእሱም ቤተሰብ ጸጉር እንዲመረመር ለመንኩት። መረቡን አንስቶ "ሰኞ ይዣቸው እመጣለሁ" አለኝ። ዶክተሬ አላለኝም።

ከዚያ እህቴ ጋ። መቀሱን ከእጄ ወሰደችና ራሷ ቆረጠችው። እኔ ክሩን ብቻ ያዝኩ። ድንቢጥ መሃላችን ተቀምጣ "አክስቴ፣ ሳጥንሽስ?" ትለኛለች።


ሐምሌ 15፣ ሰኞ

ሪፖርቱን ኃላፊያችን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ። ግልባጩን ጠዋት ለጤና ቢሮ ሰጥቼ ነበር የገባሁት። "ምነው ትንሽ ረጋ ብንል ኖሮ..." ብሎ ጀመረ። "ተረጋግቻለሁ" ብዬው ወጣሁ። ከኋላዬ ጠራኝ፣ አልተመለስኩም። ሊቀጣኝ ይችላል። ይቅጣኝ።

ጀልባ ነጂው የልጅ ልጆቹን ይዞ መጣ። ትንሹ ማሽኑን እያየ "ያማል?" አለኝ።


ሐምሌ 17፣ ረቡዕ

የድንቢጥ ውጤት ወጣ።

ጫፉ ላይ፣ የድሮው ጸጉሯ፣ ምንም የለበትም ማለት ይቻላል። እህቴ ካረገዘች በኋላ የበቀለው እየጨመረ፣ እየጨመረ ይመጣል። ከሁሉም የበለጠው የሥሩ ነው። ጥፍር የምታክል ቁራጭ ናት። እኔ ውጤቱን አይቼ "ይደገም" ማለት ከጀመርኩ ወዲህ የበቀለው ጸጉር እሱ ነው። አቁሜያለሁ ብዬ አንሶላ የቀየርኩበት።

የልጆች ሐኪም አነጋገርኩ። ከእንግዲህ ካልበላች ከሰውነቷ ቀስ እያለ ይወጣል ትላለች። አእምሮዋን ነክቶት እንደሆነ ግን አሁን ማወቅ አይቻልም፣ እያደገች፣ ትምህርት ቤት ገብታ የሚታይ ነው። በእህቴ ሆድ ያለው ልጅ ተርፏል። የተረፈው እህቴ እኔን ላለማስቀየም ስትል በዋሸችኝ ውሸት ነው።

ቴክኒሻኗ መዝገቡን ከፍታ እስክሪብቶ ሰጠችኝ። ዛሬ አልቀለደችም።

"ዶክተር፣ ይደገም?"

"አይደገም።"

ቁጥሩን ጻፍኩ፣ ፈረምኩ። ከዚያ እህቴ ጋ ደወልኩ። ቶሎ አነሳችው። ስልኩ አጠገብ ተቀምጣ የዋለች ይመስለኛል። ሰላም አልተባባልንም።

"ስንት ሆነ?" አለች።

ነገርኳት። ከኋላዋ ድንቢጥ ትዘፍናለች፣ ግጥሙን እየሳተች፣ ከመጀመሪያው እየጀመረች።

እህቴ "እርግጠኛ ነሽ?" አለችኝ።

"እርግጠኛ ነኝ" አልኳት።